ብቻ ለሚጓዝ ሰው፦ የጣና ደሴቶች ወይስ የስሜን ተራሮች?

«የቱ ያምራል?» ብሎ መጠየቅ የትም አያደርስም። ሁለቱም ያምራሉ። ብቻውን ሻንጣ ያነሳ ሰው መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው። ወጪውን ማን ይጋራኛል? ሰውነቴ ለመልመድ ስንት ቀን ይፈልጋል? ማታስ ከማን ጋር ነው የምሆነው? በነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ከለካችኋቸው ጣናና ስሜን በጣም ይራራቃሉ። ከታች ያለውን በቅደም ተከተል ሂዱበት። ግማሽ ላይ ሳትደርሱ የራሳችሁን መልስ ታገኛላችሁ ብዬ አስባለሁ።

1. ከሁሉ በፊት መንገዱን አጣሩ

ሁለቱም ቦታዎች አማራ ክልል ውስጥ ናቸው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግር መንገዶችን አንዴ ሲዘጋ አንዴ ሲከፍት ቆይቷል። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ቢያንስ ሦስት ሰው ጠይቁ፤ እዚያው የሚኖር ዘመድ ወይም ወዳጅ፣ የምታርፉበት ሆቴል፣ የሚወስዳችሁ አስጎብኚ። አስጎብኚው ብቻውን በቂ አይደለም። እንጀራው ነውና «ሰላም ነው፣ ና» ሊል ይችላል።

ጥያቄያችሁ ዝርዝር ይሁን። «ባሕር ዳር ሰላም ነው?» ብትሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል መልስ ነው የምታገኙት። «ዛሬ ከጎንደር ደባርቅ መኪና ሄዷል? ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚቆመው? ጀልባ ዘጌ ድረስ እየወጣ ነው?» በሉ። ባሕር ዳርም ጎንደርም አውሮፕላን ማረፊያ አላቸው፤ ወደ ደሴቶቹ በጀልባ ነው የሚኬደው። የስሜን መግቢያ የሆነችው ደባርቅ ለመድረስ ግን ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን የመኪና መንገድ አለ። መንገዱ አጠራጣሪ በሆነበት ሰሞን ይህ ልዩነት ብቻውን ምርጫውን ሊወስን ይችላል። ቁርጥ ያለ መልስ ካጣችሁ ጉዞውን አስተላልፉ፣ ወይም መጨረሻ ላይ ወደጻፍኩት የዝዋይና የባሌ አማራጭ ዝለሉ። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ደግሞ የአገራችሁ መንግሥት ስለ አካባቢው ያወጣውን ማሳሰቢያ አንብቡ። የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ በሱ ሊወሰን ይችላል።

2. ቀናችሁን ቁጠሩ

በእጃችሁ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ ካለ ጣናን ምረጡ፣ ብዙ አትጨነቁ። ጠዋት ወጥታችሁ ገዳማት ያሉበትን የዘጌን ልሳነ ምድር አይታችሁ ከሰዓት ባሕር ዳር ትመለሳላችሁ። አንድ ቀን ቢበላሽባችሁ ሌላው ይተርፋል።

ስሜን እንዲህ አይሆንም። ጎንደር ማደር፣ ደባርቅ ላይ መመዝገብ፣ ስካውት (መሣሪያ የያዘ ጠባቂ) እና በቅሎ ማዘጋጀት አለ። የእግር ጉዞው ሦስት ቀን ቢሆን፣ መሄጃና መመለሻው ሲደመር አምስትና ስድስት ቀን ይሆናል። ራስ ደጀንን ካሰባችሁ ደግሞ ሳምንት አልፎ ይሄዳል። በመኪና ጨነቅ የተባለው ካምፕ ድረስ ደርሶ ጭላዳ አይቶ መመለስም ይቻላል። ያ ግን ጉብኝት ነው፤ የተራራ ጉዞ ልለው አልችልም።

3. ከየት ከፍታ ነው የምትነሡት?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። የአዲስ አበባ ሰው በ2,350 ሜትር አካባቢ ነው የሚኖረው፤ ሳያውቀው ግማሹን ለምዷል። ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከጅዳ ወይም ከቴል አቪቭ የሚመጣ ግን ከባሕር ጠለል ብዙም ሳይርቅ ኖሮ በአንድ ሌሊት በረራ እዚህ ይወርዳል። «አገሬ ነው፣ እዚህ ነው ያደግኩት» ማለት አያድንም። ሳንባ ትዝታ የለውም፤ ዓመታት ዝቅ ብሎ የኖረ ሰው እንደ አዲስ ነው የሚለምደው።

ቁጥሮቹን ጎን ለጎን እዩአቸው። ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ነው። ጎንደር ከ2,100 ትንሽ ይበልጣል። ደባርቅ 2,850 አካባቢ። የስሜን ካምፖች ሳንቃ በር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 ገደማ። ቧሂት ጫፍ 4,430። ራስ ደጀን ከ4,500 በላይ።

የከፍታ ሕመም ከ2,500 ሜትር ጀምሮ ሊመጣ ይችላል። ወጣት ሽማግሌ አይመርጥም፤ ጂም የሚሠራውንም ይጥላል። ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መጥላት፣ እንቅልፍ ማጣት ነው። ከ3,000 ሜትር በኋላ የምትተኙበትን ከፍታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምሩ። ራስ ምታቱ ካልለቀቃችሁ ሌላ ከፍታ አትጨምሩ፤ እየባሰ ከሄደ ውረዱ። መንገዳገድ፣ መዘባረቅ ወይም ቁጭ ብሎም የማይለቅ የትንፋሽ እጥረት ከመጣ ሌሊትም ቢሆን መውረድ ነው፤ ሕይወት የሚያጠፋው ይህኛው ነው። መድኃኒት አለው፤ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ልብ ወይም ሳንባ ላይ የቆየ ችግር ያለበት፣ ነፍሰ ጡርም የሆነች፣ ከሐኪም ጋር ሳይነጋገሩ ስሜንን አያስቡት።

ብቻውን የሄደ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። ፊቱ መለወጡን የሚነግረው ወዳጅ አብሮት የለም። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን ለስካውቱና ለአስጎብኚው «ራሴን ካመመኝ ደብቄ አልሄድም፣ እናንተም ካያችሁብኝ አስቁሙኝ» በሏቸው። ይሉኝታ ይዟቸው ዝም እንዳይሉ።

4. ወጪውን ለአንድ ሰው አስሉት

ጣና ላይ ጀልባ የሚከራየው በሙሉ ነው። ስድስት ሰው ቢሞላው ለስድስት ይካፈላል፤ አንድ ሰው ብቻ ከሆናችሁ ሁሉም በናንተ ላይ ነው። ብቻውን የሚሄድ ሰው ጣና ላይ የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ባለው ከሰዓት ወደ ወደቡ ውረዱ። ባለጀልባዎቹን «ነገ ለዘጌ የተያዘ አለ? ልቀላቀል» በሏቸው። ሆቴላችሁንም ጠይቁ። ቅዳሜና እሑድ ጓደኛ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ሌላው ዘዴ የንግሥ ቀን ነው። ኡራ ኪዳነ ምሕረት የካቲት 16፣ ክብራን ገብርኤል ታኅሣሥ 19 ሲነግሡ ሕዝቡ በጋራ ይሳፈራል። ሂሳቡ ይቀንሳል፣ ጨዋታውም ይደራል። የገዳሙን ጸጥታ ፈልጋችሁ ከሆነ ግን በዚያን ቀን አታገኙትም። በሐይቁ ላይ ከባሕር ዳር እስከ ጎርጎራ የሚሄድ የሕዝብ ጀልባም አለ። በየቀኑ አይሄድም፤ አሁን እየሄደ መሆኑንና መነሻ ቀኑን እዚያው ወደብ ላይ አረጋግጡ። ጊዜ ላለውና ለማይቸኩል ሰው በጣም የምመክረው እሱን ነው። ከገበያተኛው ጋር ቁጭ ብሎ መሄድ የሐይቁን ኑሮ ያሳያል።

ስሜን ላይ ወጪው ተደራራቢ ነው። የመግቢያ፣ የካምፕ፣ የስካውት፣ የአስጎብኚ፣ የበቅሎና የበቅሎ ነጂ፣ ከተፈለገም የምግብ አብሳይ። አንድ ስካውት ለአንድ ሰውም ለአራት ሰውም ያው አንድ ነው፤ ስለዚህ እዚህም ብቸኝነት ያስከፍላል። ጎንደር ወይም ደባርቅ ላይ አንድ ቀን ቆይቶ ሌላ ተጓዥ መፈለግ ያዋጣል። የሚቆረጥ ነገር ካስፈለገ አብሳዩን ቁረጡ፤ አስጎብኚውን አትቁረጡ። ስካውት ጠባቂ ነው እንጂ አስጎብኚ አይደለም።

የብር መጠን እዚህ አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ በየቦታው የተጻፈ የድሮ ዋጋ ሁሉ አይሠራም። ዋጋ ስትጠይቁ «ጠቅላላ ነው? ነዳጅ፣ አስጎብኚ፣ የገዳም መግቢያ አለበት?» በሉ። ለኢትዮጵያዊና ለውጭ ዜጋ የሚጠየቀው የተለያየ ሊሆን ስለሚችል መታወቂያችሁን ያዙ፤ ቢጫ ካርድ ያላችሁም እሱን አትርሱ። ጥሬ ገንዘብም ይኑራችሁ። ቴሌብር ከተማ ውስጥ ደህና ነው፤ ኔትወርክ የሌለበት ደሴት ወይም ገደል ላይ ግን ምንም አያደርግላችሁም።

5. ወሩንና ጾሙን እዩ

ስሜን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ጥሩ ነው። ምርጫው የኔ ቢሆን የጥቅምትን መጀመሪያ እይዛለሁ። ዝናቡ ቆሟል፣ አረንጓዴው አልጠፋም፣ የጅንባር ፏፏቴም ገና ውኃ አለው። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። ክረምት ላይ ጭጋጉ ገደሉን ሸፍኖት የመጣችሁበትን ሳታዩ ትመለሳላችሁ። ጥምቀትን ጎንደር ላይ ማክበር ከፈለጋችሁ አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ፤ በዚያ ሰሞን ዋጋው አይቀመስም።

ጣና ዓመቱን ሙሉ ይቻላል። ሆኖም ከክረምቱ ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ ማታ እጅጌ ያለው ልበሱ። ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ይቅርባችሁ፤ ቢልሃርዚያ አለ።

ስለ ጾም የሚነግር ሰው ጥቂት ነው። በጾም ቀን ቅዳሴ የሚገባው ከሰዓት ነው። በእሑድና በበዓል ደግሞ ጠዋት። ቅዳሴ ላይ ከደረሳችሁ የቤተ መቅደሱን ሥዕል ለማየት መጠበቅ ሊኖር ነው። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ጠዋት፣ በሌላ ጊዜም ከእሑድ ውጭ ባሉት ቀናት መሄድ ይቀላል። ስሜን ላይም ጾሙ አብሯችሁ ይወጣል። ረቡዕና ዓርብ ስካውቱም በቅሎ ነጂውም ጿሚ ናቸው። እንቁላልና ቱና ብቻ ገዝታችሁ ብትወጡ ለብቻችሁ ልትበሉ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና በሶ ጨምሩ።

6. ማታ ማታ ምን ትፈልጋላችሁ?

ብቻ መጓዝ በሁለቱ ቦታዎች አንድ ዓይነት ስሜት የለውም። ጣና ላይ ቀኑን ከባለጀልባና ከካህን ጋር ታወራላችሁ፤ ማታ ከተማ ተመልሳችሁ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብላችሁ ዓሣ እየበላችሁ ብቻችሁን ትሆናላችሁ። ደስ ካላችሁ ሰው አለ፣ ካልፈለጋችሁ ክፍል አለ። ምርጫው በእጃችሁ ነው።

ስሜን ላይ አንድም ጊዜ ብቻችሁን አትሆኑም። ስካውቱ መሣሪያውን አንግቶ ከኋላ አለ፣ በቅሎ ነጂው አለ፣ እሳት ዳር ሁሉም አለ። ግን ደግሞ በእግር ስትሄዱ ለሰዓታት ማንም ቃል አይናገርም። ሰው መሀል ሆኖ ዝምታ የሚፈልግ ይህን ይወደዋል። ስልኩን ሳይነካ መዋል የማይችል ሰው ሁለተኛው ቀን ላይ ይጨንቀዋል።

ሴት ሆና ብቻዋን የምትጓዝ የትም ብትሄድ «ብቻሽን ነሽ? ባል የለሽም?» መባሏ አይቀርም። አብዛኛው ሰው ክፋት የለውም፣ ለማወቅ ነው። አጭር መልስ አዘጋጅታ መሄድ ያሳርፋል፤ «ወንድሜ ጎንደር እየጠበቀኝ ነው» ማለት ኃጢአት አይመስለኝም። ሌላም ነገር አለ። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም። የዘጌ አብያተ ክርስቲያናት፣ እንጦስ ኢየሱስና ናርጋ ሥላሴ ግን ይገባባቸዋል። ጀልባ ከመከራየት በፊት ይህን አረጋግጣ ካልሄደች ሌሎቹ ሲገቡ እሷ ወደቡ ላይ ትቀራለች።

ጣናን ከመረጣችሁ

የመጀመሪያው ቀን ለዘጌ ይሁን። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ልሳነ ምድሩ በቡና ጫካ የተሸፈነ ነው፤ በጫካው መሀል በእግር እየሄዳችሁ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያምና በትረ ማርያም ትደርሳላችሁ። የኡራን ሥዕል ችኮላ ሳታበዙ እዩት፤ የሚያስረዳ ካህን ካለ አጠገቡ ቁሙ። ከዚህ ቀን ጋር ክብራንንና እንጦስን ማያያዝ ይቻላል፤ ሁለቱም ለባሕር ዳር ቅርብ ናቸው።

ሁለተኛው ቀን ራቅ ያሉትን ለማየት ነው። ትልቁ ደሴት ደቅ ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯት ናርጋ ሥላሴ አለች። አጠገቡ ዳጋ እስጢፋኖስ፤ የዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል ዐፅም ያረፈበት ነው። ጀልባው ዝግ ያለ ከሆነ መሄጃው ብቻ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነሡ። ሐይቁ ጠዋት ይተኛል፤ ከሰዓት ነፋስ ይነሣና ማዕበሉ ትንሿን ጀልባ ያንገላታታል። የሕይወት መንሳፈፊያ ጃኬት ከሌለ አትሳፈሩ። ባለጀልባው ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ነጠላ ያዙ። ሱሪ ለለመዳችሁ ሴቶች ረዥም ቀሚስ። ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ አይረሳ፤ ምንጣፉ ቁንጫ ሊኖረው ይችላል። ፎቶ ሳታነሡ አስፈቅዱ። በደንገል ታንኳ የሚቀዝፉትን ሰዎችም ቢሆን።

ለሦስተኛ ቀን ጊዜ ካለ ጢስ ዓባይ። ከክረምት በኋላ ካልሆነ ግን ብዙ ውኃ አትጠብቁ።

ስሜንን ከመረጣችሁ

ደባርቅ ማደር ግዴታ ባይሆንም እኔ እደሩ እላለሁ፤ ለከፍታው አንድ ሌሊት ታተርፋላችሁ። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያው ነው፤ ስካውትና አስጎብኚም እዚያው ይመደባል።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምመክረው መንገድ ይህ ነው። አንደኛ ቀን እስከ ቡይት ራስ በመኪና፣ ከዚያ በገደሉ አፋፍ በእግር ሳንቃ በር። ጭላዳዎቹን እዚህ በመቶ ታገኛላችሁ፤ ሣር ሲነጩ ሰው መኖሩንም ከቁም ነገር አይቆጥሩትም። ሁለተኛ ቀን በጅንባር ፏፏቴ በኩል ግጭ። ሦስተኛ ቀን በጠዋት እሜት ጎጎ፣ ከዚያ ጨነቅ። ይህ ቀን ረዥም ነው፤ ለዕይታ ግን እሜት ጎጎን የሚያህል የለም። ጨነቅ አካባቢ ዋልያ ይታያል፤ ጠዋት ወይም ወደ ማታ ገደሉን በትዕግሥት ቃኙ። ጉልበት ከተረፈ በማግስቱ ቧሂት። ራስ ደጀንን ለሌላ ጊዜ ብታቆዩት ምንም አይቀርባችሁም። ቁመቱ ስም አለው እንጂ ዕይታው ከእሜት ጎጎ አይበልጥም። ጫፍ መርገጥ ለሚያስደስተው ሰው ግን ከጨነቅ አምቢቆ ወርዶ መውጣት አለ።

ዕቃ ላይ አትስነፉ። ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ የሱፍ ኮፍያና ጓንት፣ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት፣ የተለማመዳችሁበት ጫማ፣ የግንባር ባትሪ፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ፓወር ባንክ። አዲስ ጫማ ገዝቶ ተራራ መውጣት እግርን መቅጣት ነው። ውኃ አፍሉ ወይም ማጣሪያ እንክብል ያዙ። ስልክ በየቦታው ስለማይሠራ ለቤተሰብ የየቀኑን ማደሪያና «እስከዚህ ቀን ካልደወልኩ እዚህ ቁጥር ደውሉ» የሚል መልእክት ትታችሁ ውጡ።

ሁለቱንም ከፈለጋችሁ

ስምንት ቀንና ከዚያ በላይ ካለ ይቻላል፤ ግን ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ ጣና፣ ቀጥሎ ጎንደር፣ ከዚያ ደባርቅ። ከላይ የጻፍኳቸውን ከፍታዎች መልሳችሁ ብታዩ መንገዱ ራሱ ደረጃ በደረጃ ያለማምዳችኋል። በተለይ ከውጭ ለምትመጡ ይህ የነጻ መድኃኒት ነው። ዕረፍቱን በመጨረሻ አደርጋለሁ ብሎ ከተራራው የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ሳንባ ግን አይስማማበትም።

ወደ ሰሜኑ መሄድ ካልተቻለ

ተመሳሳዩን ምርጫ በሌላ አቅጣጫ አድርጉት። ዝዋይ፣ ባቱም ትባላለች፣ ከአዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ሐይቁ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ። ትልቋ ቱሉ ጉዶ ናት፤ የዛይ ሕዝብ ይኖርባታል። በደሴቲቱ ያለችው ደብረ ጽዮን ማርያም ታቦተ ጽዮን በዮዲት ዘመን የተሸሸገባት ናት ይባላል። የአንድ ሌሊት ጉዞ ነው፤ ብቻ መጓዝን ለመሞከር ጥሩ መጀመሪያ።

ተራራውን ለሚመርጥ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አለ። በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዲንሾ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ የደጋ አጋዘኑን ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ሳትርቁ ታዩታላችሁ። የሳነቴ አምባ ወደ 4,000 ሜትር ነው። ቀይ ቀበሮ ማየት ዋና ዓላማችሁ ከሆነ ከስሜን ይልቅ ባሌን ምረጡ፤ በቁጥር ብዙው እዚህ ነው ያለው። በፈረስ መጓዝም ይቻላል፣ ከዚያ ወደ ሐረና ጫካ መውረድ። የከፍታው ሕግ እዚህም ያው ነው፤ አንድ ሌሊት ዲንሾ ሳታድሩ ሳነቴ ላይ ድንኳን አትትከሉ። እዚህም ቢሆን መንገዱን ከላይ እንዳልኩት በዝርዝር ጠይቁ።

አንድ የመጨረሻ ነገር ለስሜን ተጓዦች። ጨነቅ ላይ «መኪና አይጠፋም» ብላችሁ አትውጡ። የመመለሻውን መኪና ቀንና ሰዓት ደባርቅ ላይ ተነጋግራችሁ፣ ሂሳቡን ከፊሉን ብቻ ከፍላችሁ፣ የሾፌሩን ስልክ ለአስጎብኚው ሰጥታችሁ ተነሡ።